36 ካርድ፣ 3 ምርጫ

በብዙ የስልጠና አዳራሾች የመጀመሪያው ሰዓት የሚያልፈው እንዲህ ነው። ሰልጣኙ በየተራው ይነሳል፤ ስሙን፣ የመጣበትን መሥሪያ ቤት፣ የሥራ ድርሻውንና "ከዚህ ስልጠና የምጠብቀው" የሚለውን ተናግሮ ይቀመጣል። 30 ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢወስድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ ማለት ነው። ከአምስተኛው ሰው በኋላ የሚያዳምጥ የለም። ተራው የቀረበው የሚለውን በልቡ ያሰናዳል፤ ተራው ያለፈው ስልኩን አውጥቷል። ሻይ እረፍት ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ደግሞ እንደገና "ይቅርታ፣ ስምህን ማን አልከኝ?" ይባባላሉ።

ሰው ለምን ነገር ዋጋ እንደሚሰጥ የሚያሳዩ የማሟሟቂያ ጨዋታዎች ይህን ሰዓት ሊታደጉት ይችላሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ በግማሽ ልብ መሠራታቸው ነው። አሰልጣኙ "እሴቶቻችሁን ጻፉ" ይላል፤ ሰልጣኙም ይጽፋል፤ ወረቀቱ ሲሰበሰብ ሁሉም ላይ ያው ነው፦ ታማኝነት፣ መከባበር፣ መቻቻል፣ ጠንክሮ መሥራት። ማንም የዋሸ የለም። "እሴት" የሚለውን ቃል አብዛኛው ሰው የለመደው በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ከተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች ተብሎ ከተጻፈው። ስለዚህ "እሴትህ ምንድን ነው?" ሲባል ሐሳቡ የሚሮጠው ወደዚያ ሰሌዳ ነው።

አማርኛ ግን ለዚህ ጉዳይ ከ"እሴት" የበለጠ የሚያስኬድ ቃል አለው፤ ዋጋ። ለአንድ ነገር ዋጋ እንሰጣለን፤ ስለ አንድ ነገር ደግሞ ዋጋ እንከፍላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ጥሩ ጨዋታም ሁለቱን የሚያገናኝ ነው። ሰልጣኙ አንዱን ለመያዝ ሌላውን እንዲለቅ ካልተጠየቀ፣ የምናገኘው ምን ተብሎ መጠራት እንደሚወድ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ጨዋታዎች ሁሉ የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡን በሥርዓት ካዘጋጁት መካከል ሉዊስ ራትስ፣ ሜሪል ሃርሚንና ሲድኒ ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን የትምህርት ባለሙያዎች ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ባቀረቡት ሥራ አንድ ነገር የሰውየው እሴት ነው ለመባል ሰባት መመዘኛ ማለፍ አለበት አሉ። በነጻነት የተመረጠ ይሁን፤ ከአማራጮች መካከል የተመረጠ ይሁን፤ ውጤቱ ታስቦበት የተመረጠ ይሁን፤ ሰውየው የሚደሰትበት ይሁን፤ በሰው ፊት ሊናገረው የሚደፍር ይሁን፤ በተግባር ያውለው፤ ደጋግሞም ያድርገው። እነዚህን ሰባቱን ከአዳራሹ ጋር አስተያዩአቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አምስቱን መሞከር ይቻላል። ተግባርና ድግግሞሽ የሚታዩት ቤት፣ ሥራ ቦታና ሰፈር ነው። ስለዚህ በጨዋታው ማብቂያ "አሁን ማን እንደሆናችሁ አወቅን" የሚል አሰልጣኝ ከያዘው በላይ እየተናገረ ነው። ይህ ዘዴ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ ደግና ክፉን እንደ ምግብ ምርጫ አድርጎ ያቀርባል አሉ። ነቀፌታው ፍሬ ስላለው ለአሰልጣኙ ይጠቅማል። "ሁሉም መልስ እኩል ነው" ማለት አያስፈልግም። "ዛሬ እናያለን እንጂ አንፈርድም" ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው።

የካርዱን ጨዋታ ላስቀድም፤ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚልተን ሮኪች በ1973 ባሳተመው መለኪያ 18 የሕይወት ግቦችንና 18 የአኗኗር ጠባዮችን አቅርቦ መላሹ ከ1 እስከ 18 በቅደም ተከተል እንዲደረድራቸው ያደርግ ነበር። ሁለት ነገር አንደኛ ሊሆን ስለማይችል ብልጠቱ እዚያ ላይ ነው። በ2001 ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለርና የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ፣ በየካርዱ አንድ እሴት የተጻፈበት 83 ካርድ ያለው ማደራጃ አዘጋጁ። 83 ካርድ አማካሪና ተማካሪ ለሁለት ሲቀመጡ ጥሩ ነው። 24 ሰው ባለበት አዳራሽ ግን ይበዛል፤ ፈጣኑ ጨርሶ ማውራት ሲጀምር ዘገምተኛው ገና አርባኛው ላይ ነው። ለቡድን 36 ይበቃል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ግን ቀድሞ መሠራት አለበት። አንድ ኤ4 ወረቀት ለስምንት ይቆረጣል። 36 እሴት የተጻፈባቸውና ሰልጣኙ ከነሱ ያጣውን የሚጽፍባቸው 4 ባዶ ካርዶች በድምሩ 40 ይሆናሉ፤ ይህም ለአንድ ሰው ልክ 5 ወረቀት ማለት ነው። ለ24 ሰው 120 ወረቀት። ተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት ይሳሳል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ማራገቢያ ሲከፈት ይበራል፣ ጽሑፉም በጀርባ ይታያል። 160 ግራም ወይም ከዚያ የወፈረ ይሁን፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽን ካለው እዚያው ይቁረጠው፤ በመቀስ ከተቆረጠ 960 ካርድ ነውና ሌሊቱን ይፈጃል። እያንዳንዱ ስብስብ በየፖስታው ይግባ፤ በካርዶቹ ጥግ ላይም የፖስታው ቁጥር ከ1 እስከ 24 ይጻፍ። ይህች ቁጥር ትንሽ ትመስላለች። ካልተጻፈች ግን ሁለት ጎረቤታሞች ካርዳቸው ሲደባለቅ ጨዋታው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያበቃል።

አካሄዱ ይህ ነው። ለማስረዳት 5 ደቂቃ። ማስረዳቱ ከእሴት ጋር በማይገናኝ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ ቡና፣ ሻይ፣ ጁስ፣ ውኃ የተጻፈባቸውን አራት ወረቀቶች አሰልጣኙ ፊት ለፊት ይደርድር። የራሱን እውነተኛ ምርጫ በምሳሌነት ካሳየ ግማሹ አዳራሽ ተከትሎት ይሄዳል። ከዚያ ሰልጣኞቹ በጸጥታ 36ቱን በሦስት ክምር ይለያሉ፦ "ያለዚህ አልኖርም"፣ "ቢኖር ጥሩ ነው"፣ "ለእኔ ያን ያህል"። 8 ደቂቃ። አንድ ሕግ አለ፤ የመጀመሪያው ክምር ከ12 ካርድ አይበልጥም። ይህ ሕግ ካልተነገረ ሁሉም ሰው 30 ካርድ አንደኛው ክምር ላይ ይቆልላል፤ ጥሩ ቃል ማን ይጥላል? ቀጥሎ 12ቱ ወደ 6 ይወርዳሉ፤ 4 ደቂቃ። ከዚያ 6ቱ ወደ 3፤ 3 ደቂቃ።

ከ6 ወደ 3 የሚወረድባቸውን ሦስት ደቂቃዎች በደንብ ተመልከቱ። እስከዚያ ድረስ እጅ ፈጥኖ ይሄድ ነበር፤ እዚህ ይቆማል። አንዷ "ወላጅን መጦር" የሚለውን ገሸሽ ታደርግና ጣቷን ሳታነሳ መልሳ ትስበዋለች። ሌላው ሁለት ካርዶችን ደራርቦ እንደ አንድ ሊቆጥራቸው ይሞክራል። አንዱ ካርዱን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ እንዳያየው። ዋጋ መክፈል የሚጀመረው እዚህ ነው፤ ክፍሉም ዝም ይላል። አሰልጣኙ ይህን ዝምታ ከፈራው ነገሩ ተበላሸ። "እህ፣ ጨረስን?" ማለት፣ ሙዚቃ መክፈት፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል መዘዋወር ሁሉ ይጎዳል። አሰልጣኝ ሲጠጋ ሰው ካርዱን ያስተካክላል፤ ደህና የሚመስለውን ወደ ላይ ያወጣል። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሰዓት መያዝ ይሻላል።

ከዚያ ሦስት ሦስት ሆኖ መነጋገር፤ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ፣ በድምሩ 12። በመጨረሻ የጋራ ውይይት 15 ደቂቃ። ሲደመር 47 ነው፤ 50 ደቂቃ ያዙ። ጊዜ ካጠረ የሚቀነሰው ከጋራ ውይይቱ ነው፤ ከሦስትዮሹ አይነካም። እውነቱ የሚወራው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነውና። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የካርድ ስብስብ አማርኛ ተናጋሪ ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው የተርጓሚውን መዝገበ ቃላት ነው። "ጀብዱ" የሚለውን ውሰዱ። በእንግሊዝኛው ስብስብ አዲስ ነገር ማየትን፣ መጓዝን፣ መሞከርን ለማለት የገባ ነው። በአማርኛ ግን ጀብዱ ሲባል ጦር ሜዳ ይሸታል፤ ስለዚህ ማንም አይመርጠውም፤ አሰልጣኙም "ይህ ቡድን አዲስ ነገር አይወድም" ብሎ ይደመድማል። "አዲስ አገርና አዲስ ነገር ማየት" ተብሎ ቢጻፍ ስንቱ ያነሳው ነበር።

"ታማኝነት" ከዚህ ይብሳል። በአማርኛ እውነት መናገርንም፣ አደራ አለመብላትንም፣ ወገንን አለመክዳትንም በአንድ ቃል ይዟል። ወንድሙ ሲያጠፋ አይቶ እውነቱን የተናገረ ታማኝ ነው፤ ወንድሙን አሳልፎ ያልሰጠም ታማኝ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ካርድ ከታሰሩ አንዳቸው ከሌላቸው ጋር ሊታገሉ አይችሉም፤ ሰው ግን በሕይወቱ የሚታገለው በነዚሁ መካከል ነው። ስለዚህ ለሦስት ይከፈል፦ "ሐቀኝነት፦ ቢጎዳኝም እውነቱን መናገር"፣ "አደራ ጠባቂነት፦ የሰው ገንዘብና ምስጢር መጠበቅ"፣ "ወገንን አለመክዳት፦ የኔ ከምላቸው ጎን መቆም"። "ክብር"ም እንዲሁ ነው፤ ሰው በመሆን የሚገኘው ክብርና ከሹመት የሚገኘው ክብር ለየቅል ናቸው። "ነጻነት" ብቻውን ሲቆም አገርን ወይም እስር ቤትን ያስታውሳል፤ የተፈለገው "በራሴ ጉዳይ ራሴ መወሰን" ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ። ከቃሉ በታች ከ4 እስከ 8 ቃል የሆነ ማብራሪያ መኖሩ ግድ ነው፤ የፊደሉም መጠን ከ18 አይነስ፤ የግእዝ ፊደል ሲያንስ ሀና ሃ፣ ጠና ጡ ዓይን ያደክማሉ።

በሌላ ወገን ከውጭ በመጣ ስብስብ ውስጥ የሌሉ፣ እኛ ዘንድ ግን ቤት የሚያቆሙና የሚያፈርሱ አሉ። ይሉኝታ አንዱ ነው። ውለታ መመለስ። ወላጅን መጦር። ለቅሶና ሠርግ አለመቅረት። እርቅ። ሳይጠሩ መድረስ። የታላቅ ምርቃት ማግኘት። ከ36ቱ ቢያንስ 10 ያህሉ እንዲህ ያሉ ካልሆኑ ስብስቡ አማርኛ የለበሰ ባዕድ ነው። ይሉኝታን ብዙ ሰው "ጎጂ ባህል ነው" ብሎ ወደ ሦስተኛው ክምር ሊወረውረው ይችላል፤ ያም ራሱ የሚያነጋግር ነው፤ ማብራሪያውን ግን ሳያሞግስና ሳይነቅፍ መጻፍ ያስፈልጋል፦ "ሰው ምን ይለኛል ብሎ መጠንቀቅ"። ሰልጣኞቹ አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋቸው ያደረጉ ከሆነ በካርዱ ጀርባ የእነሱ ቋንቋ ይግባ። ትርጉሙን የቋንቋው ባለቤት ይሥራው፤ ከአማርኛው ቃል በቃል እንዳይገለብጠውም ይነገረው።

በውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል፣ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ፣ ወላጅና ልጅን አንድ ላይ ለማስቀመጥ ካርዱ ሌላ መልክ ይይዛል። ሁለቱም ለየብቻ የራሳቸውን 3 ይመርጣሉ፤ ቀጥሎ፣ እናትና ሴት ልጅ ከሆኑ፣ ልጅቷ የእናቷን፣ እናትየዋም የልጇን 3 ይገምታሉ። ከዚያ ይገላለጣል። ካርዱ በሁለት ቋንቋ መሆን አለበት፤ ልጅ በአማርኛ የምትሰማውን ሁሉ ታነባለች ማለት አይደለም። ግምቱ ሲስት "እንዴት አታውቂኝም!" ወደሚል ክርክር እንዳይሄድ፣ መጀመሪያ የሚናገረው የተሳሳተው ገማች ይሁን፤ "ይህን ያሰብኩት እንዲህ ስታደርጊ አይቼ ነው" ብሎ ይጀምር።

ሁለተኛው ጨዋታ፣ ጨረታው፣ ሞቅ ያለ ነው፤ ከምሳ በኋላ ለሚመጣው ድብታም መድኃኒት ነው። 24 ሰው ካለ በ4 ሰው 6 ቡድን ይደረጋል። ለየቡድኑ 1,000 ብር የጨዋታ ወረቀት ይሰጣል፤ ባለ 50 ከሆነ 20 ወረቀት፣ ለስድስቱ 120። የሚሸጡት ነገሮች 16 ይሁኑ፤ እንደ ዕቃ የሚጨበጡ፦ "ዕዳ የሌለበት ኑሮ"፣ "እናትና አባት እስኪያረጁ በጤና"፣ "በሙያ በአገር መታወቅ"፣ "ከተጣሉት ወንድም ጋር መታረቅ"፣ "አለቃ ፊት ያሰቡትን መናገር መቻል"፣ "ልጆችን እስከ መጨረሻው ማስተማር"። "ፍቅር" ወይም "ሰላም" ብሎ መሸጥ አይሠራም፤ ሁሉም ይሻማበትና ምንም አያሳይም።

መጀመሪያ ቡድኖቹ ዝርዝሩን ይዘው 6 ደቂቃ ይመካከራሉ፤ ለየትኛው ስንት እንደሚያወጡ በወረቀት ይመድባሉ። ይህ ወረቀት የጨዋታው ልብ ነው። ሦስት ዓምድ አለው፤ የመደብነው፣ የደረስንበት፣ የገዛነው። ከዚያ ጨረታው ይከፈታል፤ መነሻ 50፣ ጭማሪ 50፣ ለአንዱ ዕቃ አንድ ደቂቃ ተኩል፤ 16ቱ በ24 ደቂቃ ያልቃሉ። ለውይይት 20 ደቂቃ። ከማስረዳቱ ጋር 55 ደቂቃ ይፈጃል።

የሚበላሽባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አጫራቹ ቀልደኛ ሲሆን ሰው ዕቃውን ትቶ ከፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ጋር ይፎካከራል፤ ምንም ያልመደበለትን "በሙያ መታወቅ" በ700 ብር ይገዛል። ይህ ሲሆን ማስቆም አያስፈልግም። በኋላ ወረቀቱን አውጥቶ "0 መድባችሁ 700 ከፈላችሁ፤ መሐል ላይ ምን ሆነ?" ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ንግግር ይበልጣል፤ ሰው በገበያም በኑሮም እልህ ይዞት ያልፈለገውን ይገዛልና። ሌላው ስህተት ቅደም ተከተል ነው። ሁሉም የሚመኘው ዕቃ አንደኛ ከቀረበ ገንዘቡ በአምስት ደቂቃ ያልቅና ቀሪው ሰዓት ባዶ ይሆናል፤ አሥረኛ አካባቢ አስቀምጡት። የተረፈ ገንዘብ ዋጋ እንደሌለውም ቀድሞ ይነገር፤ ካልተነገረ ቆጣቢው ቡድን 600 ብር ታቅፎ ይቀራል፤ ቅር ይለዋል።

እኛ ዘንድ አንድ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም፤ "ከነሱ ጋር አዋጥተን እንግዛ?" በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ስለዚህ ብዙም አያነሱም፤ ዕቁብና ዕድር ባለበት አገር ግን ተፈጥሯዊ ነው። መፍቀድ ይሻላል፤ ድርሻቸውን ግን ጽፈው ይፈርሙ። የትኛው ዕቃ ሁለት ቡድኖችን እንዳገናኘ መመልከት ራሱ ትልቅ ግኝት ነው። እምነትን የሚመለከት ነገር፣ ገነትም ሆነ የእግዚአብሔር ጸጋ፣ ለጨረታ አይቅረብ። አማኙ እንዲሸጥ አይፈልግም፤ ከቀረበ ደግሞ ሌላ ነገር ላይ መጫረት ኃጢአት መስሎ ይሰማዋል፤ በሁለቱም በኩል ጨዋታው ይሞታል። እውነተኛ ብር፣ ሽልማት፣ ከረሜላም ቢሆን አይግባበት።

መስመር ላይ የመቆሙን ጨዋታ ሁሉም ያውቀዋል። ወለሉ ላይ በማጣበቂያ ቴፕ መስመር ይሰመራል፤ አንዱ ጫፍ "ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ"፣ ሌላው "ፈጽሞ አልስማማም"። ለ20 ሰው 8 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ጨዋታ ሳልሰጋ አልሰጥም። ሥራ አስኪያጁ የቆመበት አካባቢ ሁሉ ይሞላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ በሠራው የታወቀ ሙከራ፣ ሌሎቹ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ተፈታኙ ዓይኑ ያየውን ትቶ በአማካይ ከሦስት መልሶች በአንዱ ገደማ ቡድኑን ተከትሏል፤ ያውም ስለ መስመር ርዝመት። መልሱን በወረቀት ለብቻው ሲጽፍ ግን መከተሉ በጣም ቀነሰ። መፍትሔውም ከዚያው ይገኛል። ዐረፍተ ነገሩ ይነበባል፤ ሁሉም ከ1 እስከ 10 ቁጥር በወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቱን ይዞ ቁጥሩ ጋ ሄዶ ይቆማል። አለቃ ካለ መጨረሻ ይነሳ፤ ወይም ሰዓት ያዥ ይሁን። መቆም የሚያስቸግራቸው ካሉ ሁሉም ተቀምጦ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳይ፤ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሌላው እንዲቆም ማድረግ አይገባም።

ዐረፍተ ነገሩ ጥሩን ከመጥፎ ጋር ካቆመ ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ይሄዳል። "ሙስና መጥፎ ነው" ተብሎ ማን ይንቀሳቀሳል? ጥሩን ከጥሩ ጋር ማጋጠም ነው። ለዚህ የሻሎም ሽዋርትዝ ሥራ ይረዳል። እስራኤላዊው ተመራማሪ በ1992 ባቀረበው ንድፍ 10 መሠረታዊ እሴቶችን በክብ ደረደራቸው፤ ጎረቤታሞቹ ይደጋገፋሉ፣ ፊት ለፊት ያሉት ይጋፋሉ። ደኅንነትና ልማድን መጠበቅ በአንድ ወገን፣ በራስ ማሰብና አዲስ ነገር መሻት በሌላው። የግል ስኬት በአንድ ወገን፣ ለሌላው መቆርቆር ከፊቱ። ከሁለት ተቃራኒ ጎኖች አንድ አንድ እየወሰዱ መጻፍ ነው፦ "ደሞዙ እጥፍ ከሆነ ከቤተሰቤ ርቄ ሦስት ዓመት እሠራለሁ።" "ለጓደኛዬ የገባሁትን የምስጢር ቃል፣ ሥራችንን ቢጎዳም እጠብቀዋለሁ።" አምስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ብሔር፣ ፓርቲና ሃይማኖት አይነኩም። በመስመሩ ላይ ሰው በአካሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ማን የት እንደቆመ ከአዳራሹ ውጭም ይታወሳል፤ አሰልጣኙ ደግሞ ውጭ ላይ ማንንም ሊጠብቅ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ወጪ የሌለበት፣ ለእኛም ቅርብ የሆነው፣ በስም የሚሠራው ነው። አበሻ ልጁን ሲሰይም ምኞቱን ወይም ያለፈበትን ይናገራል። ተስፋዬ፣ ሰላማዊት፣ ታምራት፣ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ የወላጅ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ሦስት ሆነው "ስሜን ያወጡልኝ ሰዎች ምን ተመኝተው ነበር?" የሚለውን ሁለት ሁለት ደቂቃ ያውሩ። ጥንቃቄ ግን አለው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስሞች ብዙ ጊዜ ከጀርባቸው የሞተ ልጅ ወይም የሞተ ወላጅ አለ። ስለዚህ ጥያቄው "ስለ ስሜ መናገር የምፈልገውን" ተብሎ ይቅረብ፤ "ይለፈኝ" ማለት እንደሚቻልም አስቀድሞ ይነገር። በዚሁ ምክንያት "ቤታችሁ ቢቃጠል ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?" የሚለውን የታወቀ ጥያቄ ከዝርዝሬ ሙሉ በሙሉ አውጥቼዋለሁ። ከቤታቸው ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች በየአዳራሹ አሉ፤ ለእነሱ ጥያቄው ጨዋታ አይሆንም።

የስም ጨዋታው እዚህ ካበቃ የሚያሳየው የወላጅን ዋጋ ነው። ሁለተኛው ዙር ወደ ራስ ያመጣዋል፤ "ዘንድሮ ለሚወለድ ልጅ አንድ ስም ብቻ ብታወጡ ማን ትሉታላችሁ?" ስም አንድ ነው፤ ሰላምንም ብልጽግናንም በአንዴ አይጭንም፤ መምረጥ ግድ ይሆናል። ምርቃትም እንዲሁ ይሠራል። ሰው ስለ ራሱ መናገር ያፍራል፤ "ለዝና ዋጋ እሰጣለሁ" ብሎ ማን ይደፍራል? ለሕፃን አንድ መስመር ምርቃት ጻፍ ሲባል ግን "ስምህ ይጠራ" ብሎ ይጽፋል፤ ሌላዋ "ከክፉ ይሰውርህ"፣ ሌላው "ለወገንህ ድረስ"። ወረቀቱ ስም ሳይጻፍበት ተሰብስቦ ተደባልቆ ይነበባል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ባሉበት ቡድን ከየትኛውም ጨዋታ በፊት ይህን እሞክራለሁ፤ ካርድ መደርደር የልጅ ሥራ ለሚመስላቸው ምርቃት የራሳቸው ሙያ ነው።

ውይይቱን የሚያደናቅፉ ሁለት ልማዶች አሉ። አንዱ "ለምን?" ነው። በአማርኛ "ለምን ይህን መረጥክ?" ሲባል የሚሰማው የጥፋት ምርመራ ነው፤ ሰውየው ማስረዳቱን ትቶ መከላከል ይጀምራል። "መጨረሻ የለቀቁት የትኛውን ነው?"፣ "ለመልቀቅ የከበደው የቱ ነበር?"፣ "ባለፈው ወር ለዚህ ነገር ምን አደረጉ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጨረሻው ጥያቄ ከራትስና ባልደረቦቹ ስድስተኛ መመዘኛ ጋር ይገናኛል፤ ለሦስትዮሹ እንጂ ለአደባባይ አይቅረብ። ሁለተኛው ልማድ ለአንዱ "በጣም ግሩም!" ብሎ ለሌላው ዝም ማለት ነው። አዳራሹ ያን ጊዜ የትኛው መልስ እንደሚወደድ ያውቃል። ለሁሉም "እናመሰግናለን" ይበቃል።

የመናገር ተራም እንዲሁ ይታሰብበት። በእኛ ወግ ታላቅ ይቀድማል፤ ታላቅ ከቀደመ ደግሞ ታናሽ ይደግመዋል። ከታናሽ እንዲጀመር ማድረግ ይቻላል፤ ግን ፈቃድ ተጠይቆ፦ "ታላላቆቻችን፣ ፈቃዳችሁ ቢሆን ዛሬ ከታናሾቻችን እንጀምር።" እንዲህ ሲባሉ የሚከለክሉ ጥቂት ናቸው። አሰልጣኙ ለሁሉም "እርስዎ" ቢል ወይም በ"እናንተ" ቢናገር ማንንም አያስቀይምም። ወጣቶች ብቻ ሲሆኑ ወደ "አንተ"ና "አንቺ" መውረድ ይቻላል። ወንዶችና ሴቶች በተቀላቀሉበት ሦስትዮሽ አራት አራቷ ደቂቃ በሰዓት ትጠበቅ፤ ካልተጠበቀች አንዱ ስምንቱን ይወስዳል፤ ሴቷ የቀረችውን አንድ ደቂቃ "እኔም እንደነሱ ነው" ብላ ታልፋለች።

ሲያልቅ ካርዶቹ በየፖስታቸው ይመለሳሉ፤ 40 መሆናቸው ይቆጠራል። በግድግዳ ላይ ስምና ምርጫ የያዘ ወረቀት አይለጠፍ፤ ፎቶ አይነሳ፤ የጨረታውን ወረቀት ቡድኖቹ ራሳቸው ይዘውት ይሂዱ። አሰልጣኙ የሚወስደው አራቱን ባዶ ካርዶች ብቻ ነው፤ የተጻፈባቸውን፣ ያለ ስም። ሰው ከ36ቱ ውስጥ ያጣውን እዚያ ይጽፋልና። ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ያንኑ ነገር ከጻፉት፣ በሚቀጥለው ሕትመት ብዙ ያልተነሳ አንድ ካርድ ወጥቶ እሱ ይገባል፤ በጻፉበት አማርኛ፣ ሳይታረም።